ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ፌት ኦፍ አትላንቲስ፦ 30 ዓመት ያለፈው ጌም፣ ዛሬም ተጫወቱት

በ2024 ማለቂያ ላይ የወጣው አዲሱ የኢንዲያና ጆንስ ጌም ብዙ ሰው እንዳስደሰተ አይቻለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ያንን ጌም የሚችል ኮምፒውተር ያለው ስንቱ ነው? እኔ ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት በማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ፣ በስልክም ጭምር ስለሚሰራው ሌላው የኢንዲ ጌም ነው፣ ሉካስአርትስ በ1992 እ.ኤ.አ. ስላወጣው ፌት ኦፍ አትላንቲስ። ፖይንት ኤንድ ክሊክ አድቬንቸር ነው። በኔ እምነት ከኢንዲ ጌሞች ውስጥ እስካሁን የሚስተካከለው የለም፣ ይሄን የምለው ደግሞ ድሮ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር ከሚል ስሜት አይደለም፣ ሰሞኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ተጫውቼው ነው።

ይሄን አይነት ጌም ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ መሮጥ መተኮስ የለም። ስክሪኑ ላይ ስዕል አለ፣ ኢንዲ ቆሟል፣ ከታች 9 ግሶች ተደርድረዋል፣ ስጥ፣ አንሳ፣ ተጠቀም፣ ክፈት፣ እይ፣ ግፋ፣ ዝጋ፣ አናግር፣ ሳብ። አንዱን ግስ ትነኩና ከዚያ የፈለጋችሁትን እቃ ወይም ሰው ትነካላችሁ፣ በቃ። ያነሳችሁት እቃ ኢንቬንተሪ ውስጥ ይገባል፣ የትኛው እቃ የት እንደሚጠቅም ማሰብ የናንተ ስራ ነው። ማንም አያጣድፋችሁም። ቡናችሁን እየጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት አንድ በር ላይ ልታስቡ ትችላላችሁ፣ ጌሙ ይጠብቃችኋል።

ታሪኩ 1939 ላይ ነው የሚጀምረው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል። አርኪዮሎጂስቱ ኢንዲ የሚያስተምርበት ባርኔት ኮሌጅ ውስጥ አንድ ጨዋ መሳይ ሰውዬ ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ ቀንድ ያለው ትንሽ ሐውልት ፈልግልኝ ይላል፣ ሐውልቱ ሲገኝና ሲከፈት ውስጡ የምታበራ ትንሽ የብረት እንክብል አለች። ሰውዬው ወዲያው ሽጉጥ ያወጣል። የናዚ ሰላይ ነው፣ ክላውስ ከርነር ይባላል። እንክብሏ ኦሪካልከም ናት፣ የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሌቶ ባሕር ዋጣት ስለሚላት ስለ አትላንቲስ ሲጽፍ ከወርቅ ቀጥሎ የከበረ ብሎ የጠቀሰው ብረት፣ ናዚዎቹ ደግሞ የሚፈልጉት ለጦር መሳሪያ ኃይል እንዲሆናቸው ነው። በነገራችን ላይ 1939 ማለት በኛ አቆጣጠር 1931 ነው፣ አርበኞቻችን ጫካ ገብተው ከፋሺስት ጣሊያን ጋር የሚዋጉበት ዘመን፣ ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ትዕቢት ለኛ የሩቅ ሰው ታሪክ ሆኖ አይሰማም፣ ለኔ ቢያንስ አልተሰማኝም። ኢንዲን ራሱን ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው ታቦተ ጽዮንን ግብፅ ድረስ ሄዶ በሚፈልግበት ፊልም ነው፣ እኛ አክሱም ነው ያለችው ብለን የምናምናትን። እዚህ ጌም ላይ ግን የሚፈለገው ታቦት ሳይሆን የሰመጠ ከተማ ነው።

ጌሙን ከልቤ እንድወደው ያደረገኝ ኒውዮርክ ላይ ያለችው ትንሽ ቦታ ናት። ኢንዲ የድሮ ጓደኛውን ሶፊያ ሃፕጉድን ለማስጠንቀቅ ቲያትር ቤት ይሄዳል፣ ሶፊያ አርኪዮሎጂውን ትታ ከአትላንቲስ መንፈስ ጋር እነጋገራለሁ እያለች ለህዝብ ንግግር የምታደርግ ሆናለች። የኋላው በር ላይ ግዙፍ ጠባቂ ቆሟል። ይሄን ሰውዬ በወሬ ማሳመን ትችላላችሁ፣ በቡጢ መማታት ትችላላችሁ፣ ወይም ሁለቱንም ትታችሁ በሌላ መንገድ መግባት ትችላላችሁ፣ ሶስቱም ይሰራል። ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጌሙ አንተ ምን አይነት ሰው ነህ ብሎ እየጠየቃችሁ ነው፣ እናንተ ግን መጠየቃችሁን እንኳን አታውቁም። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ መድረኩን የሚቆጣጠረውን ሰራተኛ ከማሽኑ ማራቅ አለባችሁ፣ መፍትሄው ደጅ ያለው ጋዜጣ ነው፣ ለሰውዬው ስትሰጡት ማንበብ ይጀምራል። ግን ጋዜጣውን ከመስጠታችሁ በፊት አርዕስቱን እዩት፣ ጀርመኖች የዩራኒየም አቶምን ሰበርን አሉ የሚል ነው። ይሄ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም፣ እውነትም ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በርሊን ውስጥ ዩራኒየም መከፈሉን ያገኙት በ1938 ዲሴምበር ላይ ነው። የፓዝል፣ የእንቆቅልሽ ማለት ነው፣ እቃ የሆነችው ጋዜጣ የታሪኩን ፍርሃት ይዛ ትመጣለች ማለት ነው። አንዲት እቃ ሁለት ስራ ስትሰራ የጻፈው ሰው ስራውን እንደሚያውቅ ይገባችኋል።

ከዚያ አይስላንድ፣ ጓቲማላ ቲካል፣ አዞሬስ ደሴቶች ትሄዳላችሁ፣ የጠፋውን የፕሌቶ መጽሐፍ ታገኙታላችሁ፣ እና አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ ጌሙ ለሶስት ይከፈላል። ከሶፊያ ጋር አብሮ መሄድ፣ ብቻን በጭንቅላት መሄድ፣ ወይም ብቻን በቡጢ መሄድ። ሶስቱ መንገድ የስም ለውጥ አይደለም ስላችሁ አምናችሁኝ ሞክሩት፣ ቦታዎቹ ይለያያሉ፣ አንድ ቦታ ሁለቴ ብትሄዱ እንኳን የምትሰሩት ስራ ሌላ ነው፣ ሰዎቹ የሚያወሩት ሌላ ነው፣ እና ሁሉም መጨረሻ ላይ አትላንቲስ ውስጥ ይገናኛሉ። ዛሬ በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚሰሩ ጌሞች ምርጫ ሰጠናችሁ ብለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀይረው እዚያው መንገድ ላይ ይመልሷችኋል፣ እነዚህ ሰዎች ግን በፍሎፒ ዲስክ ዘመን፣ ቦታ በሚቆጠርበት ዘመን፣ አብዛኛው ተጫዋች ምናልባት አንዴ ብቻ ለሚያየው ነገር ሙሉ ሙሉ መንገድ ሰርተዋል። ይሄ ለተጫዋቹ ያለ አክብሮት ነው፣ ሌላ ስም የለኝም።

የመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ከሶፊያ ጋር ይሂድ። የጭንቅላቱ መንገድ ፓዝሉ ይበዛል፣ ይከብዳል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚሆነው፣ ግን የጌሙ ልብ ያለው ከሶፊያ ጋር ነው። ሶፊያ ኢንዲን ተከትላ የምትጮህ ሴት አይደለችም፣ ትመልስለታለች፣ ትሰድበዋለች፣ ስትሳሳትም በሙሉ ልብ ነው የምትሳሳተው፣ ጠፍቶባችሁ ስትቆሙ ደግሞ አናግሯት፣ ፍንጭ ትሰጣለች። አልጀርስ ላይ ቢላዋ የሚወረውር ሰውዬ አለ፣ ፈቃደኛ ይፈልጋል፣ ቢላዋው ደግሞ ለናንተ ያስፈልጋችኋል፣ ኢንዲ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ፣ ሶፊያ ከዚያ በኋላ የምትለውን ስሙ። ሞንቴ ካርሎ ላይ ደግሞ መንፈስ መጥራት የሚያምን አንድ ሀብታም ሰብሳቢ አለ፣ ሶፊያ ጠረጴዛው ላይ ሆና የአትላንቲስን ንጉሥ መንፈስ ስትጠራ ኢንዲ ከጀርባ መብራት አጥፍቶ መንፈሱን ሆኖ መምጣት አለበት፣ ለዚህ የሚሆነውን እቃ ከየት ከየት እንደምትሰበስቡ አልናገርም ደስታችሁን አላበላሽም፣ ግን ሁለት ሰው ተባብሮ አንድን ሰው የሚያሳምንበት ያ ትዕይንት በጌም ውስጥ ካየኋቸው ምርጥ ትዕይንቶች አንዱ ነው።

አልጀርስ ራሱ ብዙ ይወራለታል። መንገድ ላይ እቃ በእቃ የሚለውጥ ነጋዴ አለ፣ ይሄን ስጠኝ ሲላችሁ ያንን ትላላችሁ፣ ሌላ ምን አለህ ትሉታላችሁ፣ ይመልስላችኋል፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ አሮጌ እቃ የተከራከረ ሰው ይሄን ቦታ ያለ ማንም እርዳታ ያልፈዋል። ከዚያ ምግብ የሚፈልግ ለማኝ አለ፣ ለማኙ የባሉን ትኬት አለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው እየሄዳችሁ በመጨረሻ በረሃው ላይ በባሉን ትበራላችሁ። በረሃው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አይጥመኝም። ባሉኑን ወይም ግመሉን እየነዳችሁ ዘላኖችን አቅጣጫ መጠየቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው፣ የሚታሰብበት ነገር የለውም፣ ቶሎ ጨርሳችሁ ውጡ።

ቀርጤስ ላይ ክኖሶስ ስትደርሱ ግን ጌሙ እንደገና ይነሳል። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ውስጥ መሐንዲሶች መሬት የሚለኩበት ያ በሶስት እግር የሚቆም መሳሪያ ይገኛል፣ ግድግዳ ላይ የቆየ ስዕል አለ፣ የበሬ ቀንድ የሚመስሉ ድንጋዮች አሉ፣ ስዕሉን አይታችሁ መሳሪያውን ትክክለኛ ቦታ ላይ ተክላችሁ ቀንዶቹን ታነጣጥራላችሁ፣ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትቆፍራላችሁ። እኔ ፓዝል እንዲህ ሲሆን ነው የምወደው። አስማት የለበትም፣ አርኪዮሎጂስት በእውነት ሊሰራው የሚችል ነገር ነው፣ መልሱ ሲገኝ ራሳችሁ ነው ያገኛችሁት።

አትላንቲስ የት ነው የሚለው ነገር ደግሞ ጌሙ ከራሱ ፈጥሮ ያመጣው አይደለም፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ፕሌቶ ስለ አትላንቲስ የጻፈው ቲማዮስና ክሪቲያስ በሚባሉት ሁለት ስራዎቹ ነው፣ ሄርሞክራጥስ የሚባል ሶስተኛ ይኖራል ተብሎ ይገመት ነበር እንጂ የተገኘ ነገር የለም። ጌሙ ያ ሶስተኛው መጽሐፍ ተገኘ ብሎ ይጀምራል። መጽሐፉ ውስጥ ፕሌቶ ቁጥሮቹን በ10 አባዝቶ ተሳስቷል የሚል ነገር አለ፣ ስለዚህ አትላንቲስ በሰፊው ውቅያኖስ ሳይሆን እዚያው ሜዲትራኒያን ውስጥ ትሆናለች። ይሄ የ10 ስህተት የሚባለው ሃሳብ እውነተኛ ክርክር ነው፣ አንጌሎስ ጋላኖፑሎስ የሚባል ግሪካዊ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ያራመደው፣ ፕሌቶ ከአቴናው ሕግ አውጪ ከሶሎን በፊት 9,000 ዓመት ያለው 900 ከሆነ ቴራ ደሴት ላይ ከፈነዳው ትልቅ እሳተ ገሞራ ዘመን ጋር ይቀራረባል ነው የሚለው። ቴራ ማለት ዛሬ ሰው ለሽርሽር የሚሄድባት ሳንቶሪኒ ናት፣ ጌሙም ወደዚያ ይወስዳችኋል። ከሁሉም ያስደነቀኝ ደግሞ ስፒሪዶን ማሪናቶስ፣ የግሪክ አርኪዮሎጂስት፣ የቴራ ፍንዳታ ነው የቀርጤስን ሥልጣኔ ያጠፋው ብሎ ጽሑፉን ያወጣው በ1939 ነው፣ ልክ ጌሙ በሚጀምርበት ዓመት። ኋላ 1967 ላይ እዚያው ቴራ አክሮቲሪ ላይ ቁፋሮ ጀመረና በአመድ ስር የተቀበረ ከተማ አወጣ። ምሁራን አትላንቲስን የፕሌቶ ምሳሌ ነው እንጂ ቦታ አይደለም ይላሉ፣ አብዛኞቹ፣ እኔም አልከራከርም። ግን አንድ የጀብዱ ጌም ከጨረሳችሁ በኋላ ስለ ቴራና ስለ ክኖሶስ ለማንበብ ከተነሳችሁ ጌሙ ከመጫወቻነት በላይ ሰርቷል።

ማን ሰራው ላላችሁ፣ ሃል ባርውድና ኖአ ፎልስቲን ናቸው። ባርውድ ከሆሊውድ የመጣ የስክሪፕት ጸሐፊ ነው፣ ንግግሮቹ ላይ ይታወቃል። መጀመሪያ የተሰጣቸው ለኢንዲ ፊልም ተጽፎ የተጣለ ስክሪፕት ነበር፣ በእሱ ጌም አንሰራም ብለው የራሳቸውን ታሪክ ፍለጋ ገቡ፣ ጥሩ አደረጉ። ሙዚቃውን ክሊንት ባጃኪያን፣ ፒተር ማኮኔልና ማይክል ላንድ ናቸው የሰሩት፣ አይሚዩዝ የሚባለው ሲስተማቸው ከቦታ ቦታ ስትሄዱ ሙዚቃውን ሳያቋርጥ ያዞረዋል፣ ሆን ብላችሁ ካላዳመጣችሁ መቼ እንደተቀየረ አታውቁም። በጆሮ ማዳመጫ ተጫወቱት እባካችሁ። ስዕሎቹ 320 በ200 ፒክስል ላይ በ256 ቀለም ነው የተሳሉት፣ በትልቅ ስክሪን ፒክስሉ ይታያል፣ ግን የአይስላንድን ብርድና የአልጀርስን ፀሐይ ቀለሙ ብቻ ያሳምናችኋል። የሞንቴ ካርሎን የምሽት መንገድ ቆሜ ነው ያየሁት።

የማይመቹ ነገሮች አሉበት፣ አልደብቅም። ድብድቡ ደካማ ነው፣ የቡጢውን መንገድ ለመጨረሻ አስቀምጡት የምለው ለዚህ ነው፣ መምታት መከላከል ትላላችሁ ግን እጃችሁ ያለው ነገር ላይ ስሜት የለውም። አንዳንድ እቃ ደግሞ ከመሬቱ ጋር ቀለሙ አንድ ስለሆነ አይታይም፣ ማውሱን ስክሪኑ ላይ ሁሉ መጎተት አለባችሁ፣ በስልክ ደግሞ ይሄ ይብሳል። አትላንቲስ ከገባችሁ በኋላ ከተማዋ በተሰራችባቸው ቀለበቶች ዙሪያ መመላለስ ይበዛል፣ የረሳችሁት አንድ እቃ ካለ መንገዱ ረጅም ነው፣ ክፍሎቹ ይመሳሰላሉ፣ ከላይ የነበረው የሰው ወሬ ጠፍቶ ከማሽን ጋር ብቻ ትቀራላችሁ፣ የጌሙ ፍጥነት እዚያ ይወድቃል። መሞትም አለ፣ በዚያ ዘመን ሌሎቹ የሉካስአርትስ ጌሞች ላይ ብዙ የሌለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ሴቭ ማድረግ አትርሱ። የንግግር ምርጫዎቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ረጃጅምና ቀልድ የበዛባቸው፣ እንግሊዝኛው ለሚቸግረው ሰው ከሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ጋር ተቀምጦ መጫወት ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር ይሄ አይነት ጌም ሁለት ሰው ሆኖ ሲጫወቱት የበለጠ ነው የሚጥመው፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል።

የትኛውን ቨርዥን ልግዛ ካላችሁ፣ ድምፅ ያለውን። በ1993 ነው በሲዲ ድምፅ ያለው የወጣው፣ ዛሬ ስቲምና ጎግ በሚባሉት የጌም መሸጫ ድረ ገጾች ላይ የሚሸጠውም እሱ ነው፣ ዋጋው 6 ዶላር ገደማ፣ ቅናሽ ሲኖር ከዚያም ይወርዳል። ኢንዲን የሚያወራው የፊልሙ ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ ሳይሆን ዳግ ሊ የሚባል ተዋናይ ነው፣ መጀመሪያ ልዩነቱ ይታወቃችኋል፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ለኔ ኢንዲ እሱ ሆነ። ጽሑፉም አብሮ ስለሚወጣ ሁለቱንም አብሩት፣ የሰማችሁትን ታነባላችሁ። ከሀገር ውስጥ ሆኖ በካርድ መክፈል የማይሆንለት ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ስጦታ አድርጎ እንዲልክለት ይጠይቅ፣ ስቲም ላይ ይቻላል፣ ለ6 ዶላር የማያስቀይም ስጦታ ነው። በስልክ ለሚፈልግ ስካምቪኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አንድሮይድ ላይ ይሰራል፣ ከገዛችሁት ጌም ውስጥ ፋይሎቹን ወደ ስልኩ ትገለብጣላችሁ፣ ስካምቪኤምን ትከፍቱና ፎልደሩን ታሳዩታላችሁ፣ ያውቀዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባትሪም ብዙ አይበላም፣ ለረጅም የአውቶብስ መንገድ ተስማሚ ነው።

መልስ ከኢንተርኔት ለመፈለግ አትቸኩሉ። ስትቆሙ መጀመሪያ ኢንቬንተሪያችሁ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን እቃ እይ በሚለው ግስ እዩት፣ ከዚያ ያላናገራችሁት ሰው ካለ አናግሩ፣ ካናገራችሁትም ያላነሳችሁትን ወሬ አንሱ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ኢንዲ ስለ እቃው በሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። የጠፋው መጽሐፍ ያለበት ቦታ በየጨዋታው ስለሚቀያየር ደግሞ ጓደኛችሁ እዚያ ነው ያለኝ ቢላችሁ እናንተ ጋ ላይሆን ይችላል፣ በሮቹን የሚከፍቱት ክብ ድንጋዮች አቀማመጥም እንዲሁ ስለሆነ መጽሐፉን በደንብ አንብቡት፣ የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ እሱ ውስጥ ተጽፏል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ መጽሐፉ ተገኝቶ ሶስቱ መንገድ የሚመረጥበት ቦታ ስትደርሱ ለብቻው ሴቭ አድርጉና በላዩ ላይ ሌላ አትጻፉበት፣ ከሶፊያ ጋር ጨርሳችሁ ስትመለሱ ከዚያው ተነስታችሁ የጭንቅላቱን መንገድ ትጀምራላችሁ።